ጁፒተር በይሻው ማሳ ላይ

በ1990 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ባለው የይሻው የገብስ ማሳ ላይና በአዋሳኙ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው፦ ባለማሳው ይሻው፣ የድንበር ጎረቤቱ ጌጡ፣ የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ሙላቴ፣ የይሻው ልጅ ፈንታነሽ፣ አብሯት የሚማረው የነጋዴው የሰዒድ ልጅ ሐምዛ። የቀሩት የክፍሉ ልጆችም ወዲያና ወዲህ ተበታትነው፣ በየመዳፋቸው አንዳንድ ነገር ጨብጠው ቆመዋል። ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቷል። ማሳው ላይ የቀረው የተቆረጠ አገዳና የጎረቤት ከብት ብቻ ነው።

ፈንታነሽ በቀኝ እጇ ትልቅ ድንች ይዛለች። በግራ እጇ ደግሞ ጫፉ ኖራ የተቀባ፣ መሬት የተተከለ ችካል ደግፋለች። አባቷ ድንቹን አላየም። ያየው ችካሉን ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አላት።

«ጁፒተር ነው፣ አባባ።»

«ምን?»

«ጁፒተር። ከፀሐይ ሲቆጠር አምስተኛው።»

ይሻው ልጁን ትቶ ወደ ጌጡ ዞረ። ሁለቱ ሰዎች ከተነጋገሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ያን ዕለት ግን ያለ ሰላምታ፣ ያለ ቃል ተግባቡ። ጌጡ ከራሱ ማሳ የነቀለውን ችካል ከፍ አድርጎ አሳየው። ይሻውም ከልጁ እጅ ስር ያለውን ነቀለና በጉልበቱ ላይ ሰበረው።

የእነዚህ ሰዎች ቁጣ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የዓምናውን ነገር ማንሳት ግድ ነው። ዓምና በአካባቢው የመሬት ድልድል ተደርጎ ነበር። ደልዳዮቹ ማሳ ለማሳ ገመድ እየጣሉ፣ ችካል እየተከሉ ዞሩ። ገመዱ ባለፈበት ቦታ ያባት የአያት ማሳ ከቀትር በፊት የአንዱ ሆኖ፣ ከቀትር በኋላ የሌላው ሆኖ ተገኘ። ይሻው በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበር። በዚህ ምክንያት ትርፍ አለህ ተባለና ሁለት ማሳ ተወሰደበት። ከሁለቱ አንዱ፣ ከቀረለት የገብስ ማሳ ጋር የሚዋሰነው ጥቁር አፈር፣ ለጌጡ ደረሰ። ጌጡ ልጅ አፍርቶ፣ ጎጆ ወጥቶ፣ እርፍ የሚጨብጥበት መሬት ያልነበረው ሰው ነው። አልሰረቀም፣ አልቀማም፤ ዕጣው ወጣለትና ተቀበለ። ይሻው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ጌጡም የሰጠኝ መልሶ ይነጥቀኝ ይሆናል እያለ እንቅልፍ የለውም። አንዱ ያጣ፣ አንዱ ያገኘ፤ ገመድ የሚባል ነገር የሚፈሩት ግን እኩል ነው።

መምህር ሙላቴ ይህን አያውቅም ነበር። የአንበሳሜ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ሱቅ እንጂ ማሳ የላቸውም። ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣውም በመስከረም ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ ሥዕል ነው። በሳይንስ መጽሐፋቸው ላይ ፀሐይና ዘጠኙ ፕላኔቶች በአንድ ገጽ ተሥለዋል፤ በክር እንደተሰካ ጨሌ ተደጋግፈው፣ አንዱ የአንዱን ጀርባ ሊነካ ምንም አይቀረውም። ፈንታነሽ ሥዕሉን ብዙ ካየች በኋላ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ እንዲህ ተጠጋግተው የሚዞሩ ከሆነ ለምን አይጋጩም?»

«የገበያ አህያ መሰሉሽ እንዴ?» አለ ሐምዛ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

መምህር ሙላቴ አልሳቀም። ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል ሲያንከባልል ቆየና «ሥዕሉ ውሸት ነው» አለ።

ልጆቹ መጽሐፍ ይዋሻል ያለ መምህር ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም።

«ማለቴ» አለ መምህሩ፣ የተናገረው ራሱን አስደንግጦት፣ «ወረቀቱ ስለማይበቃ ነው። እውነቱን ለመሣል ወረቀት አይበቃም። ይህ ግቢም አይበቃም።»

«ታዲያ ምን ይበቃል?» አለች ፈንታነሽ።

መምህሩ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። በመስኮቱ የሚታየው ማሳ ነው፤ ከማሳው ወዲያ ሌላ ማሳ፣ ከዚያ ጅረቱ፣ ከዚያ ጋራው።

«ሰፌድ ያላችሁ ነገ አምጡ» አለ።

ፈንታነሽ የእናቷን ሰፌድ ልትወስድ ስትል እናቷ ዓለሚቱ ከጓዳ ወጥታ ያዘቻት።

«ወዴት ነው?»

«ትምህርት ቤት። ፀሐይ ልናደርገው ነው።»

«ፀሐይ አድርጋችሁ ስትጨርሱ ስንዴ አበጥርበታለሁና እንዳትሰነጥቁት» አለች ዓለሚቱ፣ ለቀቀቻትም።

በማግስቱ መምህሩ ሰፌዱን ሰሌዳው ላይ አንጠልጥሎ ጠየቃቸው። «ፀሐይ ይህን ካከለች መሬት ምን ታክላለች?» አንዱ ድፎ ዳቦ አለ፣ አንዷ እንቁላል አለች፣ ሐምዛ ብርቱካን አለ። መምህሩ ከኪሱ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ፈታና አንዲት ፍሬ ምስር በመዳፉ ላይ አደረገ። ከኋላ የተቀመጡት ለማየት ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ ሌሎቹን አወጣ። ሜርኩሪ የጎመንዘር ፍሬ ሆነች። ቬኑስ ሌላ ምስር፣ ማርስ ተልባ። ጁፒተር ትልቅ ድንች፣ ሳተርን ከእሱ አነስ ያለ ድንች። ዩራኑስና ኔፕቲዩን ባቄላ ባቄላ። የመጨረሻዋ ፕሉቶ አንዲት ቅንጣት ጤፍ ናት።

ዕጣ ተጣጣሉ። ጁፒተር ለፈንታነሽ ወጣ። «ድንች ተሸካሚ!» አሏት። ሳተርን የደረሰው ሐምዛ ቀለበቱን ከስንደዶ ጎንጉኖ በድንቹ ወገብ ዙሪያ አሰረለት፤ ከዚያ ወዲያ በፈንታነሽ ላይ የሳቀ አልነበረም፤ ሁሉም በሐምዛ ላይ ሳቁ። ጤፏ የደረሰቻት ከክፍሉ ሁሉ አጭር የሆነችው ማሬ ናት። በምራቋ አውራ ጣቷ ላይ ለጥፋ እንዳትወድቅባት እጇን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጋ ያዘች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በረጅም ሲባጎ እየለኩ ቦታቸውን አበጁ። ሰፌዱ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ። አራቱ ትንንሾች ከበሩ ብዙም ሳይርቁ ቆሙ። ከተልባዋ ወዲያ ግን ሲባጎው ተዘረጋ፣ ተነሥቶ እንደገና ተዘረጋ፤ መንገዱን ተሻገረ፣ ቦዩን ተሻገረ። ልጆቹ «ገና ነው?» ሲሉ መምህሩ «ገና ነው» ይላል። የጁፒተር ችካል የወደቀው በይሻው የገብስ ማሳ ላይ ነው። ፈንታነሽ ችካሉ ሲመታ አባቷ እንዳለ ዙሪያውን አየች፤ የአባቷን ማሳ ታውቀዋለችና። ነገር ግን ወዲያው «ሳተርንስ?» ተባለ፤ ሲባጎውም ተነሣና ሁሉም ተከትለው ሮጡ። ሳተርን በጌጡ ጥቁር አፈር ላይ ሆነ። ዩራኑስ ከጅረቱ ማዶ፣ ኔፕቲዩን ከጋራው ሥር። ማሬ ከጤፏ ጋር ጋራውን ዞራ ከዓይን ተሰወረች።

ዓርብ ረፋድ ላይ እያንዳንዱ በቦታው ቆመ። ፈንታነሽ ከችካሏ አጠገብ ሆና ወደ ትምህርት ቤቱ በር ዞረች። ስንዴ ሲበጠርበት ክንድ የሚሞላው የእናቷ ሰፌድ ከዚያ ሲታይ የሸሚዝ አዝራር አክሏል። አንድ ዓይኗን ጨፍና አውራ ጣቷን አነሣች። ፀሐይ ከጥፍሯ ኋላ ጠፋች። ምስሯን ፈለገቻት። ምስሯን የያዘው ልጅ ከሰፌዱ ወዲህ ቆሟል፤ እሱ ይታያል፣ ምስሯ ግን አትታይም። ደብረ ታቦርም፣ ጋፋትም፣ ጎንደርም፣ ባሕሩም ሁሉ በዚያች በማትታየው ላይ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞራ ሐምዛን አየች፤ ከእሱ ወዲያ የዩራኑስን ልጅ፣ ከዚያ ወዲያ ጋራውን። ማሬ አትታይም። በመካከሉ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ባዶ ሊኖር እንደሚችል የነገራት ሰው አልነበረም። የተሰማት ፍርሃት ይሁን ደስታ ለይታ አላወቀችውም፤ ብቻ ከዚያ ቦታ መነሣት አልፈለገችም።

የጌጡ ጩኸት የተሰማው ያን ጊዜ ነው።

«ኡኡ! የአገር ሰው! ገመድ ጣሉብን!»

መምህር ሙላቴ እየሮጠ ደረሰ። «ኧረ አያ ጌጡ፣ ይረጋጉ፣ ሳተርን ነው!»

«ሳተርን የሚባል ሰው በዚህ ቀበሌ የለም!» አለ ጌጡ። «ዓምና ሰጣችሁኝ፣ ዘንድሮ ለማን ልትሰጡብኝ ነው?»

«ሰው አይደለም፤ የሰማይ አካል ነው።»

«የሰማዩ አካል ሰማዩ ላይ ቦታ አጣ?»

ይሻውም መጣ፤ የሆነውም ከላይ እንደተነገረው ሆነ። ችካሎቹ በሙሉ ተነቀሉ። መምህሩ ሲባጎውን በክንዱ ላይ እየጠቀለለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ። ከሰኞ ጀምሮ በሰሌዳ እንማራለን። ሥዕሉ ይበቃል» አለ።

ፈንታነሽ ሰማችው። ችካሉ ሲሰበር ያልከፋት ይህን ስትሰማ ከፋት።

ከቀትር በኋላ ማሬ ትዝ አለቻት። ጋራውን ዞራ ስትሄድ ማሬ ከአንድ ድንጋይ አጠገብ እጇን ቀጥ አድርጋ ቆማለች።

«አንቺ! ሰው ሁሉ ሄዷል እኮ!»

«ማን ነገረኝ?» አለች ማሬ። «ጨርሰናል ያለኝ የለም።»

«ጤፏስ?»

ማሬ አውራ ጣቷን አሳየቻት። ጤፏ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ይሻው ልጁን ከደጅ ጠራት። ቁጣው በርዶ ነበር፤ ሲበርድ ግን ይብሳል።

«ሰው ምን እንዳለ ሰምተሻል?» አላት። «ይሻው የተወሰደበትን ማሳ በልጁና በመምህሩ ሊያስመልስ ነው፣ ገመዱን ያስጣለው እሱ ነው እያሉ ነው። ዓምና ጸሐፊ ነበር ብለው ሁለት ማሳ ወሰዱብኝ። ዘንድሮ ይህ ከተጨመረበት የገብሱም ይሄዳል።»

«አንቱ አላዘዙንም። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«የምትነግሪያቸውን እኔ ልንገርሽ። ነገ ከቅዳሴ መልስ ሰው ስለዚሁ ነገር ወይራው ሥር ይሰበሰባል። በመካከል ቁሚና ‹መምህሩ አታሎን ነው፣ ለምን እንደሆነ አናውቅም› በይ። እሱ ባገሩ ይግባ፤ አንቺ ሰኞ ትምህርትሽን ትቀጥያለሽ። ካላልሽ ግን ደብተርሽን ለእናትሽ ስጫትና እሳት ታያይዝበት።»

ፈንታነሽ ወደ እናቷ ዞረች።

«ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ። አላታለለንም።»

«ፈንቴ» አለች እናቷ ከበሩ ላይ ሆና፣ «አንዲት ቃል ናት። ትወጣለች፣ ታልቃለች። አንቺ ትምህርቴ ይቅርብኝ ነው ወይ የምትይ?»

«እንዳይቀርብኝ ነው። ከዋሸሁ ምን ልማር ነው የምሄደው?»

«ይህች ልጅ ምላሷ ረዘመ» አለ ይሻው፤ ለእናትየው ነው የተናገረው። «ነገ እንተያያለን።»

ፈንታነሽ ከሰዓት በኋላ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች። እንስራዋን ጅረቱ ዳር አስቀምጣ ወደ ሰዒድ ሱቅ ሮጠች። ሐምዛ ጨው እየመዘነ ነበር።

«ነገ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቦታችን ላይ እንቆማለን» አለችው።

«አባቴ ከገበሬ ጋር እንዳትጣላ ብሎኛል።»

«አትጣላ። ቁም ብቻ።»

«ችካል የለም፣ ሲባጎ የለም። በምን እናውቀዋለን?»

«ችካሉ የወጣበት ጉድጓድ አለ አይደለም?»

ሐምዛ ሚዛኑን ተወና አሰበ። «ጌጡ ቢመታኝስ?»

«ከመታህ ድንቹን እንዳትጥል።»

«እንዲህ ነው ለኔ የምታዝኚልኝ!» አለ እየሳቀ። እሺ ግን አላላትም። ከእሱ በኋላ ማሬ ቤት ሄደች፤ የምስሩም ልጅ ጋ ሄደች፤ የቀሩትን ደግሞ እነሱ እንዲነግሩላት አደረገች።

እሑድ ፀሐይ ገና ከጋራው ላይ ከፍ ሳትል ሰፌዱን ከማድጋው ላይ አንሥታ ወጣች። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰቀለችው፤ ወርዳ ቦዩን ተሻገረች። ጉድጓዱን አገኘችው። ድንቹን በሁለት እጇ ያዘችና ቆመች።

ሁሉም አልመጡም። ቬኑስ የለችም፤ ወላጆቿ ከልክለዋታል። የዩራኑስም ልጅ የለም። ሐምዛ ግን ዘግይቶ፣ ቀለበቱን እያስተካከለ፣ ወደ ጌጡ ማሳ ሲገባ አየችው። ማሬ በአጠገቧ ስታልፍ ፈንታነሽ «ጨርሰናል ብዬ እኔ እመጣልሻለሁ» አለቻት። ማሬ «ብትቆዪም ግድ የለም» ብላ ጋራውን አቀናች።

የመጀመሪያው ሰው ሆኖ የደረሰው መምህር ሙላቴ ነው። ለስብሰባው ተጠርቶ በመንገዱ ሲያልፍ ነው ያያቸው። ማሳውን አቋርጦ ወደ እሷ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ፈንታነሽ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ነገሩን እኮ ልናበርደው ነው። ለኔ ብለሽ ከሆነ ተይው።»

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ሥዕሉ ውሸት ነው ያሉን እርስዎ ነዎት። ዓርብ ደግሞ ሥዕሉ ይበቃል አሉ። እኔ ግን ከዚህ ቆሜ አይቼዋለሁ። አይበቃም።»

መምህሩ ወደ ሐምዛ አየ፤ ወደ ጋራው አየ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ተመለሰ። ቬኑስ ከጎደለችበት ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያም አልተነቃነቀም።

ቅዳሴው ወጥቶ ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ መንገዱን ሞልቶ መጣ። ልጆቹን ሲያይ ወደ ወይራው መሄዱን ተወ። ጌጡ ከሰው መካከል ተፈናጥሮ ወጣ።

«ከማሳዬ ውጣ!» አለው ሐምዛን።

ሐምዛ አንገቱን ደፋ፣ ድንቹን አጥብቆ ያዘ፣ አልወጣም።

«አያ ጌጡ!» ፈንታነሽ ከሩቅ ጮኸች። በሰው ፊት እንዲህ ጮኻ አታውቅም፤ ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። «እኔን ያናግሩኝ! እሱን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ጌጡ ወደ እሷ መጣ፤ ሰውም ተከተለው። ይሻው ከኋላ ነው።

«አያ ጌጡ፣ ያ በሬ የማን ነው?» አለች።

ከይሻው ማሳ መካከል አንድ ዳለቻ በሬ አገዳውን እየነጨ ቆሟል።

«የኔ ነው። ታዲያ ምን ይሁን? ማሳው ታጭዶ ተለቋል። ከአጨዳ በኋላ የማንም ከብት በማንም ማሳ ይገባል፤ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም።»

«አባቴ ውጣ ብለውት ያውቃሉ?»

«በሬን ምን ብሎ ያስወጣዋል?»

«እንግዲያው ሐምዛን ለምን ውጣ ይሉታል? በሬው የአባቴን ማሳ ወሰደ? ችካል ነቀላችሁ፤ እሺ። ሲባጎ አስጠቀለላችሁ፤ እሺ። እኛ አሁን እግራችን ብቻ ነው ያለን። በሬዎ የሚቆምበት ላይ እንቁም። ሞፈር ሲገባ እንደ በሬዎ እኛም እንወጣለን። ከዚያ በፊት የሚያስወጣን ካለ ግን፣ መጀመሪያ ከብቱን ከሰው ማሳ ሁሉ ያስወጣ።»

ሰው አጉረመረመ። ከብት የሌለው በመካከላቸው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «እንግዲህ ፍረድ፣ ጌጡ። ልጅቱ በበሬህ አሰረችህ» አሉ።

ይሻው ሰውን ከፍሎ ወደ ፊት ወጣና ከልጁ ፊት ለፊት ቆመ።

«ሰው ተሰብስቧል» አላት ቀስ ብሎ። «ያልሁሽን ተናገሪ።»

ፈንታነሽ ሰኞን አሰበች፤ ደብተሯንና ምድጃውን አሰበች።

«መምህሩ አላታለለንም» አለች። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ደገመችው። «አላታለለንም! አባቴም አላዘዙንም። ማሳ ያነሣ፣ ማሳ የጠየቀ የለም። እኔ ነኝ ለምን አይጋጩም ብዬ የጠየቅሁ። እሱ መልሱን ሊያሳየን ነው ያወጣን። መልሱ ይኸው ነው፤ አሁንም ተዘርግቶላችኋል፣ የምታዩ እዩት።»

ይሻው እጁን ሲያነሣ ሊመታት ነው ያሉ ነበሩ። ድንቹን ነው የተቀበላት። አገላብጦ አየው።

«ይህ ምንድን ነው አልሽኝ?»

«ጁፒተር።»

«መሬትስ የት ናት?»

«ከሰፌዱ አጠገብ ያለው ልጅ ይዟታል። ምስር ናት፤ ከዚህ አትታይም።»

ይሻው ዓይኑን አጥብቦ ወደዚያ ተመለከተ።

«በዚህ ድንች ላይ ይታረሳል?»

«አይታረስም። ነፋስ ነው አሉ፣ መቆሚያም የለው።»

«በዚያ በሰዒድ ልጅ እጅ ባለውስ?»

«እሱም እንደዚሁ ነው።»

«ባቄላዎቹስ?»

«በረዶ።»

«ከዚህ ሁሉ ገብስ የሚበቅልባት ምስሯ ብቻ ናት እንግዲህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለእሷ ብዬ ከሰው ብጣላ ምን ይፈረድብኛል?»

ሰው ሳቀ፤ ጌጡም ሳይወድ ሳቀ። ፈንታነሽ አልሳቀችም።

«እኔ አልፈረድሁብዎትም፣ አባባ። አንቱ ማሳዎን አይልቀቁ። እኔም ይህን አልለቅም። ነገ ደብተሬን እሳት ውስጥ ቢጨምሩት፣ ያየሁትን ግን የት ወስደው ያቃጥሉታል?»

ይሻው ድንቹን መልሶ በእጇ ላይ አኖረው። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያላናገረውን ሰው በስሙ ጠራው።

«ጌጡ። በሬህ አገዳዬን ሊጨርሰው ነው፤ አንተ ለልጁ መቆሚያ ነሣኸው?»

«ይቁም» አለ ጌጡ ጎርበጥ ባለ ድምፅ። «ይቁም እንጂ። ችካል ካየሁ ግን አልምርም።»

«ችካል ካየሁ እኔም አልምርም» አለ ይሻው። ለልጁም «ሰማሽ?» አላት።

«ችካል አያስፈልገንም» አለች ፈንታነሽ።

አንዳንዱ ሰው ወደ ቤቱ ሄደ። አንዳንዱ ቀረና ከፈንታነሽ ጎን እየቆመ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ያነሣ ጀመር። ዓለሚቱ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ሰፌዷን ከሩቅ ተመለከተች፤ «ያ ነው የኔ ሰፌድ? ምነው እንዲህ አነሰ!» ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው። ሐምዛ ደክሞት አንዴ በአንድ እግሩ፣ አንዴ በሌላው እየቆመ «ገና ነው?» ብሎ ይጮኻል። ፈንታነሽም «ገና ነው!» ትለዋለች። ከብቶቹ ወደ ውኃ ሲነዱ ነው ማሬን ልትጠራ የሄደችው።

ሰኞ ጠዋት ፈንታነሽ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። መምህር ሙላቴም እስከ ዓመቱ መጨረሻ እዚያው አስተምሮ ወደ ገሳይ ትምህርት ቤት ተዛወረ።